ፍጥነቱ የሚለካው ከእማዬ ክፍል ነው

ወላጆቻችሁን አሜሪካ አምጥታችሁ አብራችሁ የምትኖሩ ሁሉ ይህን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ነገሩ ወላጆቻችን ቲቪ ላይ የሚደርሰው የኢንተርኔት ፍጥነት ነው፤ ሲያዩት የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል። እኛ ቤት ግን የእናቴ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ የሚወስን ነገር ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ይነዳል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ከጠዋት እስከ ማምሻው ቤት የምትቀረው እማዬ ብቻዋን ናት። አገር ቤት በር ላይ ወንበር አውጥታ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ስትል የኖረች ሴት፣ እዚህ መኪና አትነዳ፣ ቋንቋው አልያዘላት፣ ክረምቱ ደግሞ ደጅ አያስወጣት። ያላት ቴሌቪዥን ነው። ጠዋት ቅዳሴና ስብከት፣ ከሰዓት ድራማ፣ ማታ ዜና። ቅዳሴውን ደግሞ ተቀምጣ አታየውም፤ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቲቪው ፊት ቆማ ነው የምታስቀድሰው።

እንግዲህ ወንጌል ሊነበብ ሲል ምስሉ ቀጥ ይላል። ያቺ ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች። እማዬ ቆማ ትጠብቃለች። ሲመለስ ግማሹ አልፏል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይቆማል። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ሲጠራ እሷ መሆኗን አውቃለሁ፤ በሽተኛ እያገላበጥኩ ማንሳት አልችልም። ማታ ስገባ ግን አትወቅሰኝም። «ዛሬም ያ ነገር ሲዞር ዋለ» ብላ ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ አንጀቴን ይበላው ነበር።

ኢንተርኔት የምንገዛበት ድርጅት ጋ ስንደውል መልሱ አጭር ነበር። የገባንበት ፓኬጅ 300 ሜጋ ነው (ሜጋ የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ነው)፣ ቤተሰቡ በዝቷል፣ ወደ 1,000 ሜጋው እደጉ አሉን፤ በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ ማለት ነው። ይህን መልስ ብዙ ሰው ሰምቶት አምኖ ይፈርማል። ጡረታ ላይ ላሉ፣ በድጎማ አፓርታማ ለሚኖሩ አባቶችና እናቶች ግን የወር ክፍያ ቀላል ነገር አይደለም። አፎርደብል ኮኔክቲቪቲ ፕሮግራም የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ከኢንተርኔት ቢል ላይ በወር እስከ 30 ዶላር ያነሳላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ገንዘቡ አልቆ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ሙሉውን ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። ስለዚህ ወደ ላይ እደጉ ከመባላችን በፊት የምንከፍልበት ፍጥነት የት እንደሚቀር ማወቅ መብታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ በስልኬ ለካሁ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተው ፋስት ዶት ኮም የሚባል ገጽ አለ፤ ስትከፍቱት ምንም ሳትነኩ ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ቤዝመንት ወርጄ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ራውተሩ አጠገብ ቆሜ ስለካው 310 አለ። ድርጅቱ የሸጠልንን እየሰጠ ነው ማለት ነው። ቀጥዬ እማዬ ክፍል ወጣሁና እዚያው ቲቪዋ ላይ የተሰካው ሮኩ (ከኢንተርኔት ምስል ተቀብሎ ለቲቪው የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) ላይ ለካሁ። 4 አለ። ከ310 ላይ እማዬ ዘንድ የደረሰው 4 ነው!

አለካኩ እንዲህ ነው። ሮኩ ላይ በሪሞቱ ቤት የተሳለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ ሴቲንግስ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ከዚያ ቼክ ኮኔክሽን። ጥቂት ያስጠብቅና የሲግናሉን ጥንካሬና የማውረጃውን፣ ማለትም ወደ ቤት የሚገባውን፣ ፍጥነት ያሳያል። ፋየር ቲቪ የሚባለው የአማዞን ተመሳሳይ ዕቃ ያላችሁ ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ትገቡና የናንተ ዋይፋይ ስም ላይ ቆማችሁ የማጫወቻውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ የፍጥነት መለኪያው እዚያ ነው። ኔትፍሊክስ ያለውም በራሱ ውስጥ፣ ጌት ኸልፕ ከሚለው ሥር፣ ኔትወርክ መፈተሻ ያገኛል። ዋናው ነገር ስልክ ላይ ሳይሆን ቲቪው ላይ በተሰካው ዕቃ መለካቱ ነው። ስልካችሁ አዲስ ነው፣ አንቴናው ጥሩ ነው፣ በእጃችሁ ይዛችሁት ትዞራላችሁ። ያቺ ትንሽ ዕቃ ግን ቲቪው ጀርባ፣ በብረትና በግድግዳ መሐል ተጣብቃ ነው የምትውለው።

ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው ደህና የሚባለው ለምትሉ፣ ኔትፍሊክስ ራሱ የሚመክረው ለተራ ኤችዲ 3 ሜጋ፣ ለሙሉ ኤችዲ 5፣ ለፎር ኬ 15 ነው። ልብ በሉ፣ ከሁሉም የጠራው ምስል እንኳ 15 ሜጋ ይበቃዋል። ሦስት ቲቪ በአንድ ጊዜ ፎር ኬ ቢከፈት 45 ነው። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ፈጣን ኢንተርኔት ለመባል ማውረጃው 100፣ መስቀያው (ከቤት ወደ ውጭ የሚላክበት) 20 ሜጋ መሆን አለበት ብሎ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ በፊት 25 እና 3 ነበር። እኛ ለ300 ሜጋ እየከፈልን፣ ወደ 1,000 ብናድግ እማዬ ክፍል የሚደርሰው ያው 4 በሆነ ነበር። የሚያንቀው ውጭ ያለው መስመር ሳይሆን ቤታችን ውስጥ ያለው መንገድ ነዋ።

መንገዱን አየነው። ገመዱን የዘረጋው ሰው ራውተሩን ያስቀመጠው ቤዝመንት፣ ከማሞቂያው ማሽንና ከትልቁ የውኃ ቦይለር ጎን ነው። የእማዬ ክፍል ሁለት ፎቅ ወደ ላይ፣ ከቤቱ ሌላኛው ጫፍ ነው። ዋይፋይ ብረትና ውኃ ሲያጋጥመው ይዳከማል። በዚያ ላይ በብዙ ቤት ያለው ሞገድ ሁለት ዓይነት ነው። 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ግን ያንሳል፤ ብዙ ዕቃም ይሻማበታል። 5 ጊጋኸርትዙ ፈጣን ነው፣ ግን ሩቅ አይሄድም። እማዬ ክፍል 5ቱ ፈጽሞ አይደርስም ነበር፣ 2.4ቱም የደረሰው ተዳክሞ ነው።

ሳሎን ግድግዳ ላይ ሶፋው የጋረደው የኬብል መውጫ ነበር። ባለቤቴና ልጄ ራውተሩን ከቤዝመንት ነቅለው እዚያ አሰሩት። መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጠብቀን እማዬ ክፍል ስንለካ 48 ገባ። ቀጥሎ አጭር የኤችዲኤምአይ መቀጠያ (ሮኩዋን ከቲቪው የሚያገናኝ ገመድ) ገዝተን ሮኩዋን ከቲቪው ጀርባ ወደ ጎን ስናወጣት 71 ሆነ። ያወጣነው ወጪ የዚያች መቀጠያ ዋጋ ብቻ ነው። መውጫ የሌላችሁ ሜሽ የሚባለውን በየፎቁ የሚቀመጥ ዋይፋይ ልታስቡ ትችላላችሁ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ግን አንዴ የሚከፈል ነው። ርካሹ ሲግናል ማራዘሚያ ግን ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ስለሚቀንሰው እኔ አልመክርም።

ይህን የጽዋ ማኅበራችን ላይ ሳወራ ያልተናገረ አልነበረም። «የኛም እንዲሁ ነው፣ የአባቴም ቤት እንዲሁ ነው» አሉ። አንዷ እህታችን አሌክሳንድሪያ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቷ ዘንድ ወሰደችኝ። አባባ ነገሩን በደንብ አስተውለውታል። «ምሳ ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ሌላ ጊዜ ደህና ነው» አሉኝ። ቤቱ አንድ መኝታ ቤት ነው፣ ራውተሩ ከቲቪው ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው፤ ለካሁት፣ ቁጥሩ ደህና ነው። ከዚያ ምሳ ይዘንላቸው መጥተን ስለነበር ልጅቷ ወጡን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተችው። ምስሉ ቆመ። ራውተሩ ያለው ወጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ፣ ማይክሮዌቩን ተደግፎ ነበር። ማይክሮዌቭ የሚሠራው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው፣ የአባባ ሮኩ ደግሞ አሮጌ ስለሆነች ከ2.4 ሌላ አታውቅም። ራውተሩን ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው አዛወርነው፤ ምሳቸውን እየበሉ ዜናቸውን ሰሙ። «ኢትዮጵያ ሆኜ ስልክ ሲቆራረጥ ሰማይ ነው እል ነበር፣ እዚህ ደግሞ ወጥ ነው» ብለው መረቁን።

እማዬ አሁን ራሷ ትለካለች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥር ግን ታነባለች። የስልክ ቁጥር በምትጽፍባት ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፍንላት፦ ቤት የተሳለባትን ተጫኚ፣ ወደ ታች፣ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ላይ ስትደርሺ እሺ በይ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ራሷ እያየች ቅርጻቸውን ገለበጠችው። የእረፍት ሰዓቴን ስለምታውቅ ያኔ ትደውላለች፤ «ሃምሳ ሦስት ይላል፣ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማዬ።»

አንድ ቅዳሜ «ስድስት ይላል» አለችኝ። ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አዲስ ጌም እያወረደ ነው። አቆመው፣ ቁጥሩ ተመለሰ። እሷ ስትነግረኝ የነበረው «ይዞራል» ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን ከሥራ ቦታ ሆኜ ላገኘው አልችልም ነበር። እናንተም ስትለኩ በተለያየ ሰዓት ለኩ። ኬብል ኢንተርኔት ሰፈሩ የሚጋራው ስለሆነ በፈረንጆቹ ሰዓት ከምሽቱ 7 እስከ 11 ሁሉም ቤቱ ሲገባ ይወርዳል።

አሁን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቁጥሩ ደህና ሆኖም ምስሉ ሊቆም ይችላል፣ በተለይ ከአገር ቤት በቀጥታ የሚተላለፍ ሲሆን። የጥምቀት ዕለት እማዬ ሌሊቱን ተቀምጣ ጃንሜዳን ስትጠብቅ አደረች፤ አዲስ አበባ ረፋድ ሲሆን እዚህ ገና ውድቅት ነው። ታቦታቱ ሊነሡ ሲሉ ቆመ። ሮኩዋ 60 ትላለች። ያንን ትቼ ቀድሞ የተቀዳ መዝሙር ከፈትኩ፤ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ያኔ ችግሩ ከኛ ቤት እንዳልሆነ አወቅን። መለኪያው የሚለካው ከቤታችሁ ቅርብ እስካለ ሰርቨር (ዳታ የሚልክ ኮምፒውተር) ድረስ ብቻ ነው፤ እኛ አካባቢ ደግሞ አሽበርን ቨርጂኒያ ሰርቨሮች የሚቀመጡባቸው የዳታ ሴንተሮች መናኸሪያ ስለሆነች መንገዱ በጣም አጭር ነው። ጃንሜዳ ላይ ካሜራ የያዘው ልጅ የሚልክበትን መስመር አይለካም። ያ ልጅ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል በስልክ ዳታ የሚልክ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ በሚቀርጽበት ሰዓት የሚደርሰው ትንሽ ነው። ከአገር የሚወጣውም መስመር ባሕር ስለሌለን በጅቡቲና በኬንያ በኩል አልፎ ነው የባሕር ሥር ኬብሉን የሚያገኘው።

ለእማዬ ይህን ሁሉ ማብራራት አላስፈለገኝም። «መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል፣ እንታገሥ» አለችና ጋቢዋን ተከናነበች። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፤ እልል አለች፤ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ነቁ።

ድርጅቱ ጋ የምትደውሉ ከሆነ ሁለት ቁጥር ይዛችሁ ደውሉ። አንዱን ላፕቶፕ በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ለኩ፣ ሌላውን ወላጆቻችሁ ክፍል ቲቪው ላይ። በገመዱ የተለካው ከከፈላችሁበት በጣም ካነሰ ችግሩ የነሱ ነው፤ ቴክኒሻን ይላኩ በሉ፣ ፓኬጅ ከፍ አድርጉ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። በገመዱ ደህና ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ካነሰ ራውተሩን አንሡና ቦታ ቀይሩለት። በእኛ በኩል፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ እናት አባቶቻችሁ ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ በማኅበራችን በኩል ንገሩኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መቀጠያዋን ይዤ እመጣለሁ።