ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ፦ የደጉ ሳምራዊን መንገድ በእግር

ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህንና ሌዋዊ አልፈውት ሲሄዱ አንድ ሳምራዊ አንሥቶ በእንግዶች ማደሪያ ያስታመመበት፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረው ምሳሌ የቆመበት መንገድ ዛሬም አለ። ከኢየሩሳሌም ይነሳል፣ ደብረ ዘይትን ዞሮ በቢታንያ በኩል የይሁዳን ምድረ በዳ እያቋረጠ ኢያሪኮ ይገባል። ርዝመቱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር አካባቢ ናት፤ ስለዚህ መንገደኛው 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የእኛ ምዕመናን ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ መጥተው ወደ ዮርዳኖስ ሲሄዱ በዚሁ አቅጣጫ በአውቶቡስ ነው የሚያልፉት። መዝሙሩ ሳያልቅ ይደረሳል። እኔ በእግር የወረድኩት ካህኑ፣ ሌዋዊውና ሳምራዊው ያዩትን መሬት በዓይኔ ለማየት ነው።

ሙሉውን መንገድ በእግር ለመውረድ ባታስቡ ይሻላል። የድሮው የኢያሪኮ መንገድ ቢታንያ አጠገብ እስራኤል በሠራችው የመለያ ግንብ ተቆርጧል፤ ቀጥሎ ያለውም የከተማ ግንባታና አውራ ጎዳና ነው። የሚያዋጣው በመኪና እስከ አዱሚም አቀበት ሄዶ፣ እዚያ ያለውን የእንግዶች ማደሪያ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ዋዲ ቀልጥ ሸለቆ ገብቶ በእግር እስከ ኢያሪኮ መውረድ ነው። ጥሩው ወቅት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ነው፤ ተራራው ለጥቂት ሳምንታት ሣር ያበቅላል፣ ሙቀቱም ገና አልበረታም። በእነሱ በጋ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ካልጀመራችሁ አትጀምሩ። በክረምታቸው ደግሞ፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ አደጋው ጎርፍ ነው፦ ዝናቡ ኢየሩሳሌም ተራሮች ላይ ይጥላል፣ እናንተ ያላችሁበት ሸለቆ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃው ድንገት ይመጣል። ስለዚህ የሚጠየቀው የኢየሩሳሌም የአየር ትንበያ እንጂ የኢያሪኮ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውኃ፣ ኮፍያ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማና ትንሽ ጨው ያለበት ምግብ ያዙ። የምንጮቹን ውኃ አትጠጡ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የጸጥታው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ በዋዜማው ሰው ጠይቁ። ፓስፖርትና የመግቢያ ወረቀት ከእጅ አይለዩ፤ ኢያሪኮ በፍልስጤም አስተዳደር ሥር ናት፣ የእስራኤል ዜግነት ያላቸው ወገኖቻችን በእስራኤል ሕግ እዚያ መግባት አይፈቀድላቸውም።

አዱሚም በመጽሐፈ ኢያሱ 15፥7 ላይ የተጠቀሰው አቀበት ነው። ድንጋዩ እዚህ ቦታ ላይ ቀይ ነው። አፈሩን በእጄ ሳሽ ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። መንገዱ የሚሄደው በጉብታዎች መካከል እየተጠማዘዘ ስለሆነ ከመታጠፊያው ወዲያ ማን እንዳለ አይታይም፤ ሁለት ሰው ድንጋይ ጀርባ ቢቀመጥ መንገደኛ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ነው የሚያያቸው። በመስቀል ጦረኞች ዘመን ቴምፕላሮች የተባሉ መነኮሳት ወታደሮች እዚሁ ጉብታ ላይ ምሽግ የሠሩት ተሳላሚዎችን ከወንበዴ ለመጠበቅ ነው፤ ፍርስራሹ አሁንም ይታያል። እንግዲህ ጌታችን ምሳሌውን ሲናገር ለአድማጮቹ ቦታውን ማስረዳት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ካህኑ። ብዙ ጊዜ ሲሰበክ «ለቤተ መቅደስ አገልግሎት እንዳይረክስ ፈርቶ ነው» ይባላል። ዘሌዋውያን 21 ካህን ከቅርብ ዘመዱ በቀር በሬሳ እንዳይረክስ ያዛል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ወንጌሉ ካህኑ በዚያ መንገድ «ወረደ» ይላል። ጀርባው ወደ ቤተ መቅደሱ ነው። ካህናት በ24 ክፍል ተከፍለው በየተራ አንድ አንድ ሳምንት ያገለግሉ ነበር፤ ኢያሪኮ ደግሞ ብዙ ካህናት የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። ስለዚህ ይህ ሰው ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ እየገባ ይመስላል። የአይሁድ መምህራንም ቀባሪ የሌለው ሬሳ መንገድ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ሊቀ ካህናቱ ጭምር እንዲቀብረው ይፈቅዱ ነበር። ሌዋዊው ላይማ የዘሌዋውያን 21 ክልከላ እንኳ አልነበረበትም፤ ትእዛዙ ለአሮን ልጆች ነው። ቦታው ላይ ቆሜ ሳስበው ሁለቱን ያሳለፋቸው ሕጉ ሳይሆን ፍርሃት ነው የሚለው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ የደበደቡት ሰዎች ገና እዚያው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ደግሞ እኛም የምናውቀው ፍርሃት ነው። አገራችን ውስጥ መኪና ገጭቶት የወደቀ ሰው አጠገብ የማይቆሙ ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም። «እኔ ላይ ይለጠፋል» ብለው ነው።

የሳምራዊውን ነገር ለመረዳት አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በሉቃስ 9 የሳምራውያን መንደር ጌታን አላሳድርም ብሎ መልሶታል፣ ያዕቆብና ዮሐንስም እሳት ከሰማይ ይውረድባቸው ብለዋል። ደቀ መዛሙርቱ ምሳሌውን የሰሙት ያ ቅያሜ ሳይበርድ ነው። ጠቡ ሥር የሰደደ ነበር፤ በገሪዛን ተራራ የነበረውን የሳምራውያን መቅደስ ያፈረሰው አይሁዳዊው ገዥ ዮሐንስ ሂርቃኖስ ነው። ሳምራውያን ዛሬም አሉ። ቁጥራቸው ከ1,000 በታች ሲሆን ግማሾቹ ናብሉስ አጠገብ በገሪዛን፣ ግማሾቹ በሆሎን ከተማ ይኖራሉ፤ በፋሲካቸው አሁንም በግ ያርዳሉ። አዱሚም ላይ ባለው የእንግዶች ማደሪያ ግቢ ውስጥ የሞዛይክ ሙዚየም አለ፤ ከአይሁድና ከክርስቲያን ሞዛይኮች ጎን የሳምራውያን ምኩራብ ወለሎችም ተቀምጠዋል። ቤቱ ራሱ የቱርክ ዘመን ማረፊያ ነው፤ አጠገቡ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ይገኛል። «ይህ ያ ማደሪያ ነው» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ፣ ታሪኩ ምሳሌ እንደ ሆነና ቦታው መታሰቢያ እንደ ሆነ አስታውሱ። ያም ሆኖ ምሳሌው ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሊቆጠር ይችላል።

ሳምራዊው መጀመሪያ ቀረበ። ከዚያ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ ቁስሉን አሰረ። ወይኑ ውስጥ ያለው አልኮልና አሲድ ቁስል ያጸዳል፣ ዘይቱ ቁስሉን ያለሰልሳል፣ ጨርቁም እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ በዘመኑ የታወቀ ሕክምና ነበር። ዛሬ እሱን የሚተካው ሌላ ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በመዳፍ አጥብቆ መጫን፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይከፍቱ መያዝ። ሰው የሚሳሳተው «ቆመ ወይ» ብሎ በየደቂቃው ጨርቁን እያነሳ ነው፤ የረጋው ደም አብሮ ይነሳል። ጨርቁ ደም ከሞላ ሌላ ይደረብበታል እንጂ የመጀመሪያው አይነሳም። መኪና የገጨውን ሰው እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋው በቀር ከቦታው አትጎትቱት፤ አንገቱ የተሰበረ እንደ ሆነ ሽባ የሚያደርገው መጎተቱ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ አትስጡ፣ ወደ ሳንባው ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ከወንበዴ ይልቅ የሚጥለው ፀሐይ ነው፦ አንድ ሰው ንግግሩ ከተምታታና አካሉ ከጋለ ጥላ ፈልጋችሁ ልብሱን አላልታችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ስልክ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ያዙ፤ እዚህ በእስራኤልም በፍልስጤምም አምቡላንስ 101 ነው፣ አዲስ አበባ ቀይ መስቀል 907፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ሊባኖስ 140። ይለጠፍብኛል ብሎ ለሚፈራም መፍትሔ አለ፦ ከመንካት በፊት ሌላ አንድ ሰው ጠርቶ ማቆም፣ የቦታውን ፎቶ ማንሳት፣ ደውሎ ስምን መናገር። ፎቶው ለማስረጃ ነው፤ የወደቀውን ሰው ፊት ለፌስቡክ ማውጣት ግን ወንበዴዎቹ ከገፈፉት በላይ መግፈፍ ነው።

ምሳሌው በፋሻ አያበቃም፣ እኔን የያዘኝም ይህ ነው። በራሱ አህያ አስቀመጠው፤ እንግዲህ ቀሪውን መንገድ ራሱ በእግሩ ሄዷል። ሌሊቱን አብሮት አደረ። በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ በማቴዎስ 20 እንደሚታየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ገንዘቡን ለቁስለኛው አልሰጠውም፣ ለማደሪያው ባለቤት ሰጠ። የሚያልቅበትን ወሰን አልዘጋም፦ የሚጨመረውን ስመለስ እከፍላለሁ አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። ይህ ልመና ወይም ለአንድ ቀን የሚፈስ እንባ አይደለም፤ አሠራር ነው።

በአረብ አገራት ያሉ እኅቶቻችን ሲታመሙ ወይም ከፎቅ ሲወድቁ ማኅበሮቻችን የሚያደርጉትን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያዋጣል። በአሥረኛው ቀን ሆስፒታሉ ሂሳብ ሲጠይቅ ማንም የለም። ጎደሎው የፍቅር አይደለም፤ ባለቤት የሌለው ሥራ ስለሆነ ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ማንም ሳይታመም በፊት ማኅበሩ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል፣ መነሻው አባል ሁሉ የሁለት ቀን ደመወዙን ያህል ቢሆን ይበቃል። ገንዘቡን አንድ ሰው ይይዛል፣ ሌላ ሰው ይቆጣጠራል። ክፍያው በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይሆናል፣ ደረሰኙ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው በስሙ ተመድቦ «ሐሙስ እመለሳለሁ» ይላል፣ ሐሙስም ይመለሳል። የፓስፖርቷን ቅጂ፣ የመኖሪያ ወረቀቷንና የቤተሰቧን ስልክ የሚይዘውም እሱ ነው፤ እነዚህ ከሌሉ ከሆስፒታል ስትወጣ የምትሄድበት ታጣለች።

ከአዱሚም ወደ ሰሜን ሸለቆው ይከፈታል። የሮማውያን መንገድ የሚሄደው በላይ በጉብታው ጫፍ ሲሆን የእግር መንገዱ ታች ነው፤ የጥንት የውኃ ቦዮችን ተከትሎ ይወርዳል። ገደሉ ላይ የተለጠፈው የግሪኮች ገዳም የቅዱስ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ብዙዎቻችን ፈረሰኛው ሰማዕት ይመስለናል፣ ግን በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዘመን እዚህ የኖረው የቆጵሮሱ መነኩሴ የኮዚባ ጊዮርጊስ ነው። ኤልያስን ቁራዎች የመገቡት፣ የእመቤታችን አባት ኢያቄምም ልጅ ስላጣ ያለቀሰው እዚህ ነው የሚል ትውፊት አለ። በ614 ፋርሶች አጠፉት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ታደሰ። ሴቶች ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። በቀትር ሊዘጋ ስለሚችል በጠዋት ድረሱ። ከዚያ እስከ ኢያሪኮ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ለመመለስ ከኢያሪኮ መሐል የጋራ ታክሲ ይዛችሁ በቢታንያ በኩል ትሄዳላችሁ፤ ፍተሻ ስላለ ከመምሸቱ በፊት ተነሱ።

ኢያሪኮ ውስጥ አጭሩ ቀራጭ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ነው የሚባል ትልቅ ሾላ አለ። ዛፉ ያ ራሱ ይሁን አይሁን፣ ሾላ ቅርንጫፉን ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ስለሚዘረጋ አጭር ሰው ለምን እንደመረጠው ወዲያው ይገባል። እኔ ግን ዛፉን ትቼ፣ ዘኬዎስ በሉቃስ 19 «የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለውን ሂሳብ አሰላሁ። በሙሴ ሕግ የበደለ ሰው ወድዶ ሲናዘዝ ዋናውንና አንድ አምስተኛ ጨምሮ ይመልሳል። አራት እጥፍ የሚከፍለው በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ነው። ዘኬዎስ በሌባ ሚዛን ራሱን መዘነ፣ ግማሽ ሀብቱንም አስቀድሞ ለድሆች ሰጠ። የሠራተኛ ደመወዝ የቆረጠ፣ የዕቁብ ድርሻ ያስቀረ፣ የቤት ኪራይ ማስያዣ ያልመለሰ ሰው ይህን መንገድ ሊከተል ከፈለገ ስም ይጽፋል፣ ከስሙ ፊት ገንዘቡን ይጽፋል፣ ቢያንስ አምስተኛውን ይጨምራል፣ ለቤተ ክርስቲያን ስእለት አድርጎ ሳይሆን ለተበዳዩ በእጁ ይሰጣል። ተበዳዩ ሞቶ ከሆነ ለወራሹ። ወራሽም ከሌለ ብቻ፣ ዘኍልቍ 5፥8 እንደሚለው፣ ለእግዚአብሔር ቤት ይሆናል።