ምርኮኛ ያልነበረው ሻለቃ

ያደግኩት ኮሪያ ሰፈር ነው። ጎረቤታችን ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት፣ ለደቡቡ ወገን፣ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ጦር ዘማች ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ አባባ ነበር የምንላቸው። ከኮት አይለዩም። ሜዳሊያቸውን ግን በነጭ መሀረብ ጠቅልለው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። በደርግ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ እኔ ለደቡቡ ተዋግቻለሁ ማለት ስለማያዋጣ፣ ለዓመታት እዚያው ሣጥን ውስጥ ተደብቆ የኖረ ሜዳሊያ ነው። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ጦርነቱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ጣልኩ፣ እንዲህ ማረክኩ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ስለ ብርዱ ጀመሩ። ከዚያ ስለ አንድ የቆሰለ ጓደኛቸው።

የመጀመሪያው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። የክብር ዘበኛ ልጆች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። ኮሪያ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደቡ። ጦርነቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ፖርክ ቾፕ የሚባለው ኮረብታ አካባቢ ነበሩ። እዚያ ሁለቱም ወገን ምሽግ ቆፍሮ ፊት ለፊት ተፋጧል። ቀን ቀና ያለ ይመታል። ስለዚህ ሥራው በሌሊት ነው፤ ጥቂት ሆነው በጨለማ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ፣ የጠላትን እንቅስቃሴ ያዳምጣሉ፣ ከገጠማቸውም እዚያው ይታኮሳሉ። ጥይት የሚመታህ ከምሽግህ ርቀህ፣ መንገዱ በማይታይበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ይሄን ይዛችሁ ቁጥሩን እዩት። እየተፈራረቁ ከዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተማረከ አንድም የለም። ሐምሌ 1945 ተኩስ ቆሞ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከኢትዮጵያ በኩል የሚጠበቅ ሰው አልነበረም። የሞቱትም ባዕድ አፈር ውስጥ አልቀሩም፣ አስከሬናቸው አገሩ ገብቷል። ለእኔ ከማንኛውም ድል የሚበልጥብኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን የወደቀ ሰው በዚያ ጨለማ፣ እሳት እየዘነበ፣ ተመልሶ የተሸከመው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

አባባም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ጓደኛቸው ጭኑን ተመትቷል። በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ወጡ። ልጁ እንዳይጮህ ጥርሱን ነክሶ የኮታቸውን አንገትጌ ጨምድዶ ይዞ ነበር አሉኝ። ምሽግ ደርሰው ሊያወርዱት ሲሉ እጁ አልላቀቅ አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት።

ይሄን ሲነግሩኝ ሳያውቁት እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ፣ ኮታቸውን እዚያው ቦታ ላይ ጨብጠውት ነበር።