ቢጫው ዘንዶ እና እማዬ

ሁዋንግሎንግ የሚባለው የቻይና ሸለቆ ስሙ ቢጫ ዘንዶ ማለት ነው። ይህን ለእማዬ መንገር አልነበረብኝም።

"ዘንዶ? ጊዮርጊስ የገደለውን?" አለች፣ የአቦሉን ስኒ እንደያዘች።

እኔ ፎቶ ላሳያት ነበር የመጣሁት። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ለሦስት ሳምንት ስልጠና ቻይና፣ ቼንግዱ ተልከን ነበር። አንድ ቅዳሜ ጓደኞቼ ገበያ ሲወጡ እኔ ወደ ሰሜን በፈጣን ባቡር ሄድኩ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በአውቶብስ ወደ ሁዋንግሎንግ።

በሩ ላይ ሰዉ የኦክስጅን ቆርቆሮ ይገዛል። የፀጉር ስፕሬይ ይመስላል፤ አፍንጫቸው ላይ ደግነው ይስቡታል። ሻጯ ለእኔም ዘረጋችልኝ። እኔ እኮ የሰላ ድንጋይ ልጅ ነኝ! ጣርማ በር ዳገት ላይ ያደግኩትን ሰውዬ አየር በቆርቆሮ? አልገዛሁም። በኬብል ካር ወጥተን ከ3,500 ሜትር በላይ ስንደርስ ግን ጥቂት ደረጃ እንደወጣሁ ልቤ ትደልቅ ጀመር። ፎቶ የማነሳ መስዬ ቆምኩ።

ደግሞም የሚነሳ ነገር አለ። ፊት ለፊት ሹዌባኦዲንግ የሚባል በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል፤ 5,588 ሜትር፣ ከራስ ዳሸን በ1,000 ሜትር በላይ ይበልጣል። ከሥሩ ሸለቆው 3.6 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ገበሬ እርከን የሠራበት ማሳ ይመስላል፤ በአፈር ፋንታ ግን የሞላው ውሃ ነው። አንዱ ኩሬ ሰማያዊ፣ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ። በየመሀሉ ወርቃማ ድንጋይ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ይወርዳል። ዘንዶ ያሉት ይህንን ነው።

ሚስጥሩ ኖራ ነው። ውሃው ከተራራው ሆድ የኖራ ድንጋይ አሟሙቶ ይወጣል። ውስጡ ያለው ጋዝ ወደ አየር ሲያመልጥ ኖራው እዚያው ይጋገራል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። እኛ የምንፍቀውን እነሱ እ.ኤ.አ. በ1992 በዓለም ቅርስነት ዩኔስኮ ላይ አስመዘገቡት።

ከላይኛው ኩሬ አጠገብ የታኦ እምነት መቅደስ አለ፤ ወረድ ሲሉ ደግሞ የቡድሃ። የላይኛው በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ አስገርሞኛል። ከፊት ሲያዩት የመቅደሱ ስም ነው። ወደ ጎን ፈቀቅ ሲሉ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል፣ በሌላው ጎን ደግሞ ሌላ። እኔ ቻይንኛ አላነብም፤ ፊደሉ ሲለወጥ ግን አየሁ። ሦስት ጊዜ ስመላለስ አንዲት አሮጊት ሳቁብኝ።

ቁልቁል በእንጨት መረማመጃ ስንወርድ ፏፏቴዎቹ ይመጣሉ። አንዱ ቢጫ የኖራ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ይፈስሳል፤ ከሥሩ ዋሻ አለው። "ገላ መታጠቢያ ዋሻ" ይሉታል። በአፈ ታሪካቸው ቅዱሳኖቻቸው ከክፋት የሚነጹበት ነበር። መካን ሴት ገብታ ከታጠበች ትወልዳለችም ይባላል። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት የጻድቃኔ ማርያምን ጠበል ነው። ግን ሰልፍ የለም፣ ጀሪካን የለም፣ የሚጮህ ሰው የለም። ውሃው ብቻውን ይወርዳል። እጄን ልዘረጋ ስል ጥበቃው በፊሽካ መለሰኝ። ሰው እየነካና እየረገጠ ኖራውን ስለሚያበላሸው ክልክል ነው።

ለእማዬ ይህንን ሁሉ ስነግራት ቡናው በረካ ደርሶ ነበር።

"እና አልነካኸውም?"

"ከለከሉኝ።"

"ያ ጥበቃ ይባረክ" አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ የጻድቃኔን ጀሪካን አወጣች። ቡናም ቆሎም ስለቀመስኩ ያኔ አልሰጠችኝም። በማግስቱ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ በዚያ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጋቢዬን ገፍታ ጣሳውን አፌ ላይ ደገነችው።