በቀለበት ፋንታ ምስማር

ውሃው ጀርባዬን ሲመታኝ ራዲያተሩ የፈነዳ መሰለኝ። ራዲያተር ፊት ለፊት መሆኑን የደነገጠ ሰው አያስብም። ዞር ስል የሚረጨው ከቀኙ የኋላ ጎማ ነው፤ ከውስጥ ጎኑ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ቧንቧ።

የኋላ ጎማዎቻችን ክብደት እንዲጨምሩ እስከ ሦስት አራተኛቸው ውሃ ይሞላሉ። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከመበላሸት አያልፍም ነበር። እኔ ግን ተዳፋቱን በአግድም እያቋረጥኩ ነበር፣ ቀኙ ጎማ ደግሞ የቁልቁለቱ ጎማ ነው። እሱ ሲተነፍስ ትራክተሩ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያቅትም። ፍሪሲዮንና ፍሬኑን አንድ ላይ ረገጥኩና ማጨጃውን መሬት ላይ ለቀቅኩት። አስቤበት አይደለም፣ እጄ በራሷ ሄዳ ነው። በኋላ ሳየው ትራክተሩን ደግፎ የያዘው ያ የወረደ ማጨጃ ሆኖ ተገኘ።

ወርጄ ስመለከት ማጨጃውን ከጀርባ ከሚሸከሙት ክንዶች የቀኙ የታች ክንድ ጫፍ ጎማው ውስጥ ተቀርቅሯል። የጎማው ጥርስ ክንዱን ይዞ ጎትቶት፣ ጎኑን እንደ ቆዳ ሸርክቶታል። ክንዶቹ ወደ ጎን እንዳይሄዱ የሚይዘው የግራው ስታቢላይዘር ለሁለት ተለያይቶ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ፒኑ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ጠዋት ነው። ማረሻውን አውርጄ የሣር ማጨጃውን ገጠምኩ። ትራክተር የነካ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን፣ ከጀርባ ሁለት የታች ክንዶችና አንድ የላይ ማያያዣ አሉ፣ ዕቃው በሦስቱ ነጥቦች ይያዛል። ክንዶቹ ከፍና ዝቅ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይሄዳሉ። ወደ ጎን የሚሄዱትን የሚገታው ስታቢላይዘር ነው። የእኛው አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት ቱቦ ሲሆን በመሃል አንድ ፒን ያስተሳስራቸዋል። ፒኑን ሞላላው ቀዳዳ ውስጥ ከከተትከው ዕቃው ትንሽ ይወዛወዛል፤ ማረሻ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፣ መስመሩን እየተከተለ እንዲሄድ። ክቡ ቀዳዳ ውስጥ ከከተትከው ግን ንቅንቅ የለም። ለማጨጃ፣ ለመዝሪያ፣ ለመርጫ፣ ደግሞም ዕቃ ተሸክሞ መንገድ ለመሄድ ክቡ ነው የሚያስፈልገው።

የቀኙ ስታቢላይዘር ተጣሞ ለብየዳ ከሄደ ከሳምንት በላይ ሆኖታል። ማጨጃው ሁለቱን ክንዶች ስለሚያስተሳስራቸው የግራው ብቻውን ይበቃል ብለን ነበር። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ የሚሠራው ግን የግራው እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ አንድ ፒን የሁለት ፒን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ግን ማናችንም አላልንም።

አሁን ወደ ቀለበቷ ልምጣ። ፒኑ ከቀዳዳው እንዳይወጣ ጫፉ ላይ የምትሰካ ጣት የምታክል ነገር አለች፤ አናቷ ላይ ከሞላ ሽቦ የተሠራ ቀለበት አላት፣ ከሰካሃት በኋላ ቀለበቱን ገልብጠህ ትዘጋዋለህ። እኛ ጋ ስሟ ቀለበት ነው። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች አናቷ ላይ የሚገቡት ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ተዛንፈው ነው። ጧ ብሎ የሚዘጋው በዚያ መዛነፍ ነው፤ ሽቦው ይጠመዘዝና ራሱን ወደ መዘጋት ይገፋል። ዝገት ሲበላው ወይም አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ግን ጉልበቱ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ረጅም ሣር ያዝ አድርጎ ይከፍተዋል።

የእኔዋ ቀለበት ጠዋት ስፈልጋት የለችም። መሣሪያ ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ ሌላ የለም። አንድ ትልቅ ምስማር አገኘሁ። የፒኑ ጫፍ ቀዳዳ 11 ሚሊሜትር ነች፤ ምስማሩ ግማሿን እንኳ አይሞላም። ሰካሁት፣ ጫፉን በመዶሻ ቆለመምኩት፣ በአውራ ጣቴ ነቅነቅ አደረግኩት፣ ያዘ። ሣሩ ጤዛ ሳይለቀው መጀመር አልፈልግም ነበር፣ አሁን ደግሞ ጤዛው ለቆ ፀሐይ ወጥቷል። በቃ ሄድኩ።

ረዳቴ የግራውን፣ የላይኛውን ጎን ይዞ በእግሩ ይከተለኝ ነበር። «የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ፣ ድንጋይ መስሎኝ ነው» አለኝ በኋላ። በታችኛው በኩል ቢሆን ኖሮ ብዬ ያን ሌሊት ብዙ ተገላብጫለሁ። ማጨጃውን ከፍ አድርጌ ስለነበር ፒቲኦውን፣ ማለትም ከሞተሩ ወደ ማጨጃው ኃይል የሚወስደውን ዘንግ፣ አጥፍቼዋለሁ፤ ያን ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው። በደቂቃ 540 ጊዜ እየዞረ ዕቃው ወደ ጎን ቢሸሽ ዘንጉ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

የጋራዡ ኃላፊ ሲመጣ ጎማውን አላየውም። በቀጥታ ሄዶ በተንጠለጠለው ቱቦ ቀዳዳ ውስጥ ጣቱን ከተተ።

«ፒኑ ከላይ ነው ከታች የገባው?»

«ከታች ጋሼ።»

«ለምን?»

እውነተኛው መልስ እጄ ከታች ስለነበረች ነው። እሱኑ ነገርኩት። ዝም አለ፤ እሱ ዝም ሲል ከስድብ ይከብዳል። የእኛ ስታቢላይዘር ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ፒኑ ከላይ ቢገባ ኖሮ፣ ምስማሩ ቢወልቅም እንኳ፣ ራሱ ክብደቱ ይይዘው ነበር፤ ቢያንስ ቁርስ ሰዓት ላይ እስካየው። ከታች የገባ ፒን ግን የተንጠለጠለው በምስማሩ ነው።

«ስትነሳ አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«አየኸው ወይስ ነካኸው?»

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች፣ ምክንያቱም ልክ ነበረች። ከመነሳቴ በፊት ዞሬ አይቻለሁ። ቀዳዳው ባዶ አልነበረም፣ የሆነ ብረት ወጥቶ ይታያል፣ ዓይኔ ረክቶ አለፈ። ምስማር ከምንም የባሰ ነው የምለው ለዚህ ነው። ባዶ ቀዳዳ ይጮህብሃል፤ ምስማር ያለበት ቀዳዳ ግን ሙሉ ይመስላል። ምስማሩን ባላገኝ ኖሮ ጋራዥ ድረስ እመለስ ነበር፤ ያመለጠኝ ሩብ ሰዓት ብቻ ይሆን ነበር።

ጎማው ጎኑ የተቀደደ ስለሆነ አልተጠገነም፣ ተቀየረ። ሦስት ቀን ቆምን። በእነዚያ ሦስት ቀናት ጋሼ ይህን ማያያዣ ስለፈጠረው ስለ ሃሪ ፈርጉሰን ያወራልን ነበር፤ የሦስት ነጥብ ማያያዣን ነገር ሲጀምር ማንም አያስቆመውም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር እጅ ተጨባብጦ ብቻ ተስማምቶ፣ በዓመቱ 9ኤን የተባለው ትራክተር በዚያ ማያያዣ መውጣቱን ይነግረናል። ከዚያ በፊት ብዙው ማረሻ በጎታች ከኋላ ነበር የሚከተለው፤ ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ የሚገለበጥበት ጊዜ ነበር። «ያን ሁሉ አስበው ሠሩልህ» ይላል፣ ወደ እኔ እያየ፣ «አንተ በምስማር።»

አሁን ስገጥም ሁሉንም ቀለበት ከፍቼ እለቀዋለሁ፣ ድምፁን ለመስማት። ጧ ካላለ ይጣላል። የሚዘጋበትን ጎን ከምሄድበት አቅጣጫ ወደ ኋላ አዞረዋለሁ፣ ሣር ገብቶ እንዳይከፍተው። ፒኖቹ በአጭር ሰንሰለት ከክንዱ ጋር ታስረዋል። ቢወጡም ጠፍተው እርሻ ውስጥ አይቀሩም፤ ያኛው እስካሁን አልተገኘም። መጀመሪያዋን አንድ ሰዓት ከሠራሁ በኋላ ወርጄ በእጄ አያለሁ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር የሚላላው በዚያች ሰዓት ነው።

ጋሼ ደግሞ አንድ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ 12 ቀለበት አድርጎ ሰጠኝና ወንበሬ ሥር አሰርኩት። በወሩ ስቆጥራቸው ሰባት ናቸው። እኔ የተጠቀምኩት አንድ ብቻ ነው። ማምሻውን በሌሎቹ ሦስት ትራክተሮች ጀርባ ዞር ዞር ስል አራቱን አገኘኋቸው፣ አዲስ በመሆናቸው ያብለጨልጫሉ። ምስማሮቹ የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም።