ታቦቱ የማን ነው?

ባለፈው እሑድ ለእማዬ ፎቶ ላክሁላት። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ ነጭ፣ ሹል፣ ሦስት ማዕዘን ሕንፃ። ወዲያው ደወለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ድንኳን ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው እማዬ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ታቦቱ የማን ነው?»

ምን ልበላት? ሉተራኖች ናቸው፣ ታቦት የላቸውም። «የመካነ ኢየሱስ ዘመዶች ናቸው» አልኳት። «ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?» መጣብኝ ሌላ ጣጣ።

የምኖረው ትሮምሶ ነው፤ ሰሜን ኖርዌይ። መሃል ከተማው ደሴት ላይ ነው። ወደ ማዶ ስታዩ ድልድዩ የሚያልቅበት ላይ ያ ነጭ ነገር ተገትሯል። ፖስትካርዱም እሱ፣ የፍሪጅ ማግኔቱም እሱ። ቱሪስት «የአርክቲክ ካቴድራል» ይለዋል እንጂ ካቴድራል አይደለም፤ የሰፈር አጥቢያ ነው። እውነተኛው ካቴድራል መሃል ከተማ ያለው፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1861 የተሠራው የእንጨት ቤት ነው። ምስኪን! ይኼኛውን ያን ኢንገ ሆቪግ የሚባል አርክቴክት ነድፎት በ1965 ተመረቀ። በየጎኑ 11 ትልልቅ የኮንክሪት ክንፎች አሉሚኒየም ለብሰው ይወርዳሉ። አንዱ የበረዶ ክምር ይመስላል ይላል፣ ሌላው የዓሣ ማድረቂያ። የእማዬ ድንኳንም አያንስም።

ፎቶው ላይ የማይታየውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር፤ የእኛ ገና ዕለት። የእነሱ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ዶሮ የለ፣ ቄጠማ የለ፣ ፀሐይ እንኳ የለ። ሆድ ባሰኝ። ከሥራ እንደወጣሁ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ ሰው ይገፈትራል። በሩ ላይ ስደርስ እንደልማዴ ተሳለምኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ተቀዷል። ከደጅ ይዘውት የገቡት በረዶ ወለሉ ላይ ቀልጦ እግሬን አራሰው። ሰው ሁሉ በቦቲው ገብቶ ተቀምጧል! ማፈር የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ግን ገና ነበር። ከኋላዬ የመጡ ቱሪስቶች እኔን አይተው ሕግ መስሏቸው እነሱም ማውለቅ ጀመሩ። ስድስት ሰው ጫማውን በረድፍ ደረደረ። ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ወጥታ «ማን ነው አውልቁ ያላችሁ?» ስትል ሁሉም ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። እሷስ ሳቋን ይዛ በትሕትና ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ትምህርት ወሰድኩ ብዬ በሳምንቱ የሥራ ባልደረባዬ ቤት እራት ስጠራ ከነጫማዬ ሰተት ብዬ ነጩ ምንጣፍ ላይ ወጣሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ ጫማ የሚወልቀው ሰው ቤት ነው! ለሰው ሳሎን ካልሲ፣ ለእግዜር ቤት የበረዶ ቦቲ። እኛም ብንሆን አውልቀን ገብተን ግማሹ ልባችን ደጅ ያለው ጫማ ላይ አይደል?

«ኖርዌይ እንዴት ነው? እኔም ልምጣ?» የምትሉኝ ጓደኞቼ፣ ደሞዙን ብቻ አትጠይቁኝ። እዚህ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ፀሐይ ትሰናበታለች። በሥራ እረፍቴ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ገብቼ የቪክቶር ስፓሬን ትልቅ የመስታወት ሥዕል አየዋለሁ። ዳግም ምጽአት ነው። እኔ ግን ያኔ የምጠብቀው የፀሐይዋን ምጽአት ነው፣ ይቅር ይበለኝ። ጨለማውን አትናቁት። ጠንካራ ነኝ ያለ ሰው ግንቦት ላይ ይምጣና ይፎክር፤ ያኔ ደግሞ ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ እንቅልፍ ትነሳዋለች።

ፀሐይ ከተማው ላይ ብቅ የምትለው ጥር 13 አካባቢ ነው፤ ከቃና ዘገሊላ ማግስት። የዚያን ቀን ቦምቦሊኖ የመሰለ ነገር እየገዙ ይበላሉ። የመጀመሪያው ዓመት ሳቅሁባቸው። ባለፈው ዓመት ግን አራት ገዝቼ ብቻዬን በላሁ።

ይህን ለእማዬ ስነግራት «በል በቃ፣ የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ነው ያወጣልህ» አለች። ፎቶውን አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ ሲመጣ «የልጄ ደብር ነው፣ ሚካኤል» ትላለች አሉ።