የደላዌርን የድሮ ምርጫዎች በአማርኛ ስሰንድ

የአሜሪካን የመጀመሪያ የኮንግረስ ምርጫዎች በአማርኛ ሰንጠረዥ ላስቀምጥ ስነሳ የደላዌርን ግዛት መረጥኩ። ሦስት ካውንቲ (የግዛቱ ንዑስ አስተዳደር)፣ በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ወንበር። ምን ያስቸግራል?

ቁጥሩን ወደ ጎን ትቼ መጀመሪያ የምርጫ ሕጉን ፈለግኩ። የደላዌር የመጀመሪያ ተወካይ ጆን ቪኒንግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1789 ሲመረጥ አንድ መራጭ ድምፅ የሚሰጠው ለሁለት ሰዎች ነበር። ከሁለቱ አንዱ የግድ ከመራጩ ካውንቲ ውጭ የሚኖር መሆን አለበት። ሁሉም የሰፈሩን ልጅ ብቻ እንዳይመርጥ ይመስለኛል። እንግዲህ የድምፁን ድምር አይቶ “ይህን ያህል ሰው መረጠ” የሚል ጉድ ሆነ ማለት ነው።

ይኸው ሕግ በ1792ቱ ምርጫ ጣጣ አመጣ። ጆን ፓተን አሸናፊ ተብሎ ኮንግረስ ገባ። ተፎካካሪው ሄንሪ ላቲመር ግን አንድ ስም ብቻ የተጻፈባቸው ወረቀቶች መቆጠር የለባቸውም ብሎ አቤት አለ። ተሳካለትም። በፌብሩዋሪ 1794 ፓተን ወጥቶ ላቲመር ገባ። እኔም “አሸናፊ” ከሚለው አምድ ጎን “ወንበሩን የያዘ” የሚል ሌላ አምድ ጨመርኩ። ፓተን በሚቀጥለው ምርጫ ተመልሶ አሸንፏል፤ ቂሙን ተወጣ!

ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር አልቀየርኩም። ልዩነቱ በኦክቶበር ሰባት፣ በጃንዋሪ ስምንት ስለሆነ አንባቢን ማደናገር ነው። በዚያ ላይ በኦክቶበር 1802 የተመረጠ ሰው ሥራ የሚጀምረው በማርች 1803 ነው። ስለዚህ የምርጫውንና የሥራ ዘመኑን ዓመት ለየብቻ ጻፍኩ።

በጣም የወደድኩት ግን የጄምስ ቤያርድን ታሪክ ነው። በ1801 ቶማስ ጀፈርሰንና አሮን በር እኩል ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንቱን የመምረጡ ሥራ ለተወካዮች ምክር ቤት ተላለፈ። እዚያ እያንዳንዱ ግዛት ያለው አንድ ድምፅ ነው። ቤያርድ ብቻውን ደላዌርን ወክሎ ስለነበር የእሱ ድምፅ ከትልቋ ቨርጂኒያ ድምፅ እኩል ነበር። አሮን በርን ሲደግፍ ቆይቶ በ36ኛው ዙር ባዶ ወረቀት ሰጠ፤ ጀፈርሰንም አለፈ። ውለታው እንዴት እንደተመለሰ ልንገራችሁ፦ ጀፈርሰን በ1802 ሲዛር ሮድኒን ተወዳደርበት ብሎ ገፋፋው፣ ሮድኒም ቤያርድን በ15 ድምፅ አሸነፈው። (ይህ ሮድኒ የነጻነት አዋጁን የፈረመው አይደለም፤ የወንድሙ ልጅ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል የሞቱበትን ዓመትም መዝግቡ።)

ከ1813 እስከ 1823 ደላዌር ሁለት ወንበር ነበራት። ለዚያ ዘመን ሌላ ሰንጠረዥ ከፍቻለሁ።