ጫፉ ቆልመም ያለውን የሽንት ቱቦ እንዴት ለመድሁት

በ63 ዓመቴ ፕሮስቴት የሚባለው፣ ከፊኛ ሥር ያለው እጢዬ አብጦ ሽንቴን ሙሉ በሙሉ ከለከለኝ። ፊኛዬ ከዚያ በኋላም በራሱ ኃይል መጨመቅ ስላቃተው ሐኪሙ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ በገዛ እጄ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) አስገብቼ ሽንቴን እንዳወጣና በአንድ ጊዜ የሚወጣው መጠን ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ አዘዘኝ።

የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍሁት ቀጥ ባለ ቱቦ ስታገል ነው። ፕሮስቴቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እኔም በኃፍረትና በችኮላ እገፋዋለሁ። ጉዳዩ የገባኝ የክሊኒኩ ነርስ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥላ ስታስረዳኝ ነበር፦ የወንድ የሽንት መተላለፊያ በፕሮስቴት በኩል ወደ ላይ ስለሚታጠፍ፣ እጢው ሲያብጥ ደግሞ መታጠፊያው ይበልጥ ስለሚጠብብ፣ ቀጥ ያለው ጫፍ ከታችኛው ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ በጉልበት ከተገፋም ሥጋውን በስቶ የሐሰት መንገድ ሊከፍት ይችላል። ጫፉ ቆልመም ያለው ግን የላይኛውን ግድግዳ ተከትሎ ያልፋል። እኔ ቆልማማውን ለባሰበት ሰው የተሠራ ከባድ መሣሪያ አድርጌ ስፈራው ነበር፤ እንዲያውም ለእኔ የቀለለው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ኔላቶን» የሚለው ቀጥ ያለው ነው፤ «ቲማን» ወይም «ኩዴ» የሚለው ቆልማማው ነው፤ «ፎሊ» ደግሞ ፊኛ ውስጥ እንዲቆይ የሚነፋ ኳስ ያለው ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ውፍረቱ በፍሬንች ይለካል፤ 1 ፍሬንች የ1 ሚሊ ሜትር ሲሶ ነው። ለእኔ የታዘዘልኝ 14 ሲሆን ከውጭ የሚቀረው ሰፊው አፉ አረንጓዴ ነው። የወንዶች ቱቦ ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አጭሩን የሴቶች ቱቦ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላይ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ቀጥ ያለ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከዚያ ወዲህ ባዶ ማሸጊያ ኪሴ ይዤ ሄጄ ለፋርማሲስቷ አሳያታለሁ፤ ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብሎ ከማስረዳትም ያድናል።

ከሁሉ ዋናው አቅጣጫው ነው። በሰፊው አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ጫፉ ወዴት እንደዞረ ታመለክታለች፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ላይ፣ ወደ እምብርት በኩል መሆን አለባት። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በዳበሳ ሳስገባ ቱቦው እጄ ላይ ዞሮብኝ ደም መጣ። በማግስቱ ነርሷ ዘንድ ሄጄ ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ አዲስ ቱቦ ሰጥታኝ «ጋሼ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑና በአውራ ጣትዎ ይፈልጓት» አለችኝ። ጉብታዋን አሥር ጊዜ ያህል አስፈለገችኝ።

አሁን እጄን በሳሙና ታጥቤ ቱቦውን በውሃ በሚሟሟ ጄሊ አለሰልሰዋለሁ፤ ቫዝሊን ለዚህ አይሆንም። ብልቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ በዝግታ አስገባለሁ። እንቢ ሲለኝ አልገፋም፤ ቆም ብዬ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፣ ወይም ሳል እላለሁ፤ ጡንቻው ሲላላ ያልፋል። ሽንቱ መፍሰስ ሲጀምር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሬ አስገብቼ እጠብቃለሁ። ስመልሰውም ሳላዞር ቀስ እያልሁ ነው፤ ሽንት እንደገና ከወረደ እስኪያበቃ እቆማለሁ።

ከቤት ውጭ ያለው ችግር ሌላ ነው። ፒያሳ ውዬ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አላገኝም በሚል ስጋት ውሃ መጠጣት ቀንሼ ነበር፤ ሽንቴ ደፍርሶ ሸተተ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ተከተለ፣ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ውሃውን ቀን ላይ አከፋፍዬ እንድጠጣና ማታ ብቻ እንድቀንስ መከረኝ። ስለዚህ ዛሬ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ በቦርሳዬ ሁለት ቱቦ፣ ጄሊ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ ለተጠቀምሁበት ቱቦ ጥቁር ፌስታል፣ እንዲሁም ሁለት ሃይላንድ እይዛለሁ፤ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ቧንቧው ውሃ ከሌለው ለእጄ።